ሙቀት ነው ወይስ ብርድ? የቻይና ሴቶች ወደ ማረጥ ሲቃረቡ ምን ይጥዳሉ

(በአንድ የሴቶች ዕድር ስብሰባ ላይ ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ ነው። እዚህም እዚያም ቃል አቃንቻለሁ። ሳቁን ግን በጽሑፍ ማምጣት አልቻልኩም።)

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ። በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁት ሁለት ወንድሞችም እንኳን ደህና መጣችሁ። ማምለጫ ፈልጋችሁ እንደሆነ ገብቶኛል። አይዟችሁ፣ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ቤታችሁ ሚስት ወይም እህት ካለች እንዲያውም ለእናንተም ነው።

በጥያቄ ልጀምር። ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፍታ መስኮት የምትከፍት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ በርዷት ያንኑ ብርድ ልብስ የምትጎትት ስንት አለች እዚህ? እጅ ማውጣት ግድ አይደለም። ሳቃችሁን ሰምቻለሁ፣ ይበቃኛል።

እኔን የጀመረኝ በ44 ዓመቴ ነው። ያኔ ደቡብ ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ ነበርኩ። ለሥነ ምግብ ትምህርት ሄጄ ሦስት ዓመት ኖሬባታለሁ። አንዳንዶቻችሁ ዕቃ ለማምጣት ስለምትመላለሱ ሙቀቷን ታውቁታላችሁ። በክረምታችን ወራት እዚያ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ስለዚህ ላብ ላብ ሲለኝ የአየሩ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ያነቃችኝ ያከራየችኝ ሴት ናት። «አዪ» ነበር የምላት። አዪ አክስት ማለት ነው። እኛ «እትዬ» እንደምንለው ለታላቅ ሴት ሁሉ ይሆናል። አንድ ቀን ከሰዓት ወጥ ቤት ስትገባ ፍሪጅ ከፍቼ፣ ፊቴን ውስጡ ከትቼ ቆሜ አገኘችኝ። ከፍሪጁ የፈለግሁት ነገር የለም፤ እየቀዘቀዝኩ ነው። ሳቀች። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። ውሃ ሲጠማሽ የሚያምርሽ ቀዝቃዛ ነው ሙቅ? እግርሽ ይበርድሻል? ሌሊት ስትነቂ አፍሽ ደረቅ ነው? መለስኩላት። «በይ ምላስሽን አውጪ» አለችኝ። በፍሪጁ መብራት ምላሴን አየችው። «ደርቋል» አለችና ቅርጫቷን ይዛ ወደ ገበያ ወጣች።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ፍሬው እዚያ ፍሪጅ በር ላይ ነው። አዪ «ዕድሜሽ ደርሷል፣ ይህን ብዪ» አላለችኝም። ዕድሜዬን የጠየቀችኝ ከሳምንት በኋላ ነው። መጀመሪያ ማወቅ የፈለገችው ሙቀት ይሁን ብርድ፣ ድርቀት ይሁን እርጥበት ነበር። ሸመታው ከዚያ በኋላ መጣ። ስልካችሁ ላይ «ለማረጥ የሚሆኑ አሥር የቻይና ምግቦች» የሚል ቪዲዮ ሲመጣ ይህችን ሴት አስታውሱልኝ። እሷ እንደዚያ አታበስልም።

ማረጥ የሚባለው ወር አበባ ለ12 ወር በተከታታይ ሲቀር ነው። ለአብዛኞቻችን ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ይመጣል። የዛሬው ወሬያችን ግን ከዚያ በፊት ስላሉት ዓመታት ነው። ወር አበባ አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ የሚመጣበት፣ እንቅልፍ የሚሸሽበት፣ ሰው ሁሉ ያለ ምክንያት የሚያናድድበት ጊዜ።

ቻይናውያን ስለዚህ ዕድሜ ሲያወሩ ሳይጠቅሱት የማያልፉት ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ አለ። «ኋንግዲ ኔይጂንግ» ይባላል። ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የተጠናቀረ ነው። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ የሴትን ዕድሜ በሰባት በሰባት ይቆጥራል። በ7 ዓመቷ ጥርሷ ይለወጣል፣ ጸጉሯ ይረዝማል። በ14 ወር አበባ ታያለች። በ28 አጥንትና ጅማቷ ይጠነክራል፣ ጸጉሯ ከምንጊዜውም ይበዛል። በ35 ፊቷ መጠውለግ ይጀምራል። ቆይ፣ ቆይ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ መጽሐፉ ነው! በ42 ሽበት ብቅ ይላል። በ49 «ቲየን ግዌይ» የሚሉት፣ ወር አበባንና መውለድን የሚያመጣው ነገር ያልቃል። በሩ ጋ ያላችሁ አትሳቁ፣ የእናንተም ተጽፏል። የወንድ በስምንት በስምንት ነው። በ40 ጸጉር ይረግፋል፤ በ64 ጥርስም ጸጉርም ይሄዳል።

49 የሚለውን ቁጥር ልብ በሉት። ዛሬ በቻይና ሴቶች የሚያርጡበት አማካይ ዕድሜ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሰባት ሲባዛ ሰባት አምሮ ስለገጠመ ይሁን በደንብ ስላዩ፣ ብቻ ቀርበዋል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ እዚህ ቦታ ላይ በሽታ የሚል ቃል አያወጣም። የወተት ጥርስ መነቀልና ማረጥ በአንድ መስመር ተሰልፈው ነው ያሉት። ለጥርስ መለወጥ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው አለ? የለም። ልጁ ካመመው ግን ለስለስ ያለ ነገር ይበስልለታል።

አሁን ስለ ኩላሊት ትንሽ ታገሡኝ። የቻይና ሐኪም «ኩላሊትሽ ደክሟል» ቢላችሁ ወደ እጥበት እንዳትሮጡ። በእነሱ አነጋገር ኩላሊት ጎተራ ነው። ከእናትና ከአባት የወረስነው፣ በየቀኑ ከምንበላው እየተጨመረበት የምንኖርበት እህል እዚያ ይቀመጣል። በዚያ ጎተራ ውስጥ ውሃም እሳትም አለ ይላሉ። ዪንና ያንግ የሚሉት ይኸው ነው። በዚህ ዕድሜ የአንዷ ሴት ውሃ ቀድሞ ይጎድላል። ውሃው ያለቀበት ድስት ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ። ፊት ይግላል፣ ሌሊት ያልባል፣ አፍ ይደርቃል፣ ልብ ድው ድው ይላል፣ እንቅልፍ የለም። የሌላዋ ደግሞ እሳቱ ይቀንሳል። እሷን ወገቧን ይበርዳታል፣ እግሯ ያብጣል፣ ጠዋት መነሳት ያቅታታል። ሁለቱም ጎረቤታሞች፣ ሁለቱም 48 ዓመታቸው ሊሆን ይችላል። የአንዷን ምግብ ለሌላዋ ብትሰጡ ግን አዪ እጃችሁን ትይዛለች።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም መሰለኝ። እኛም «ብርድ ነው፣ ምች ነው» እንላለን። አራስ ገንፎዋንና አጥሚቷን ስትጠጣ ቀዝቃዛ ነገር እንዳይነካት እንጠብቃለን። ቻይናዎችም አራስን አንድ ወር ቤት አስቀምጠው፣ በዝንጅብልና በዶሮ ሾርባ ያሞቋታል። እንዲያውም ሴት ልጅ ገላዋን የምትጠግንበት ሦስት ዕድል አላት ይላሉ፦ ወር አበባ ስታይ፣ ስትወልድና ስታርጥ።

ወደ ቅርጫቱ እንመለስ። አዪ ከገበያ ስትመለስ የያዘችው ይህ ነበር። ነጭ፣ የደረቀ፣ የባሕር ስፖንጅ የሚመስል እንጉዳይ። የሊሊ አበባ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርት በፍልቃቂ እንደሚለይ የሚለይ። የሎተስ ፍሬ። ቀይ «ቴምር»። ትንሽ ቁንጥር ጎጂ፣ ያቺ ብርቱካናማ ቀይ ፍሬ። በደረቅ ላይ ማረጠቢያ፣ በሙቀት ላይ ማቀዝቀዣ መሆኑ ነው።

እንጉዳዩን ሁለት ሰዓት ዘፈዘፈችው። እፍኝ የማይሞላው ነገር አብጦ ጎድጓዳ ሳህን ሞላ። ከሥሩ ያለውን ቢጫ ጠንካራ ቦታ በመቀስ ቆርጣ ጣለችው። የቀረውን በእጇ ቦጫጨቀችው፤ በጣም ትንንሽ አድርጋ ነው፣ ምክንያቱም ካልተቦጫጨቀ አይሟሽሽም። ከሎተሱ ጋር በሸክላ ድስት፣ በውሃ፣ በእንጥፍጣፊ እሳት ጣደችው። ከዚያ ሄዳ ልብስ አጠበች። እኔ በየአሥር ደቂቃው ክዳኑን ስከፍት ተቆጣችኝ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ውሃው ተለወጠ። ማንኪያውን ስታነሳው እንደ ተልባ ተሳበ። ያን ጊዜ ሊሊውንና ቴምሩን ጨመረች። ጎጂውን ልታወርደው አሥር ደቂቃ ሲቀረው። ስኳር? የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት የድንጋይ ስኳር። ለብ ሲል አንድ ሳህን ጠጣሁ። ጣዕሙ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምንም አይደለም። ጉሮሮ ላይ ሲወርድ ግን ደስ ይላል።

ቴምር እያልኩ ነው፣ ግን ቴምር አይደለም። ስሙን በአማርኛ ስንፈልግለት ጎረቤታችን ሆኖ ነው የተገኘው። በሥነ ዕፅዋት የቁርቁራ ዘመድ ነው። እነዚያ ልጅ ሆነን ከእሾህ መሃል የለቀምናቸው፣ ኪስ ሞልተን ትምህርት ቤት የገባንባቸው ፍሬዎች የአንድ ቤተሰብ ናቸው። የቻይናው ትልቅ ነው፣ ሲደርቅ ቆዳው ይጨማደዳል፣ ቀይ ይሆናል። አዪ የውስጡን ጠንካራ ፍሬ አውጥታ ነው የምትጨምረው። ፍሬው ካልወጣ ያሞቃል ትላለች። ጓንግዡ ውስጥ ሰዎች ከምንም በላይ የሚፈሩት ይህን ነው። ብጉር ወጣ፣ አፍ ቆሰለ፣ ድድ አበጠ፣ እሳት ወደ ላይ ወጣ ይላሉ። በየመንገዱ ጥግ መራራ ማቀዝቀዣ ሻይ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ። በበጋ ደግሞ ማሾ ይቀቅላሉ። አዎ፣ ይኸው የእኛው ማሾ። እኛ ሾርባና ወጥ እንሠራበታለን፣ እነሱ በስኳር ቀቅለው ውሃውን ለማቀዝቀዣ ይጠጡታል።

ስለ ጎጂ አንድ የቆየ አባባል አላቸው፦ «ከቤትህ ሺህ ሊ ርቀህ ስትሄድ ጎጂ አትብላ።» ሊ የርቀት መለኪያቸው ነው። ለምን እንደተባለ ሳልነግራችሁ ይገባችኋል። ከሚስቱ ለራቀ ሰው ነው የተባለው።

ጥቁር ነገር ሁሉ ወደ ኩላሊት ይገባል የሚል እምነትም አላቸው። ጥቁር ባቄላ፣ ጥቁር ሩዝ፣ ጥቁር እንጉዳይ፣ አጥንቷ ሳይቀር ጥቁር የሆነች ዶሮ አለች። ከሁሉ የሚበዛው ግን ጥቁር ሰሊጥ ነው። በደረቅ መጥበሻ ይቆላል፣ ከሩዝ ጋር ይፈጫል፣ በስኳር ይበስላል። የሰሊጥ አጥሚት በሉት። ጓንግዡ ውስጥ ማታ ማታ ጣፋጭ ሾርባ የሚሸጡ ትንንሽ ቤቶች አሉ፣ እዚያ ሴቶች ተሰብስበው እሱን ይጠጣሉ፤ ከንፈራቸው ሁሉ ጠቁሮ። ሰሊጥ ስል የሁመራ ሰው ካለ ደስ ይበለው። ቻይና ከሰሊጣችን ዋነኛ ገዢዎች አንዷ ናት። የእኛ ነጩ ነው፤ ለኩላሊት የሚሉት ጥቁሩን ነው።

የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝና እዚህ ቆም ብዬ ልቁጠር። በቻይና የምግብ ሠንጠረዥ መሠረት 100 ግራም ጥቁር ሰሊጥ 780 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው። ያስደስታል። ግን 100 ግራም ሰሊጥ ማን ይበላል? አንድ ማንኪያ ቢበዛ 10 ግራም ነው። 78 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። አሜሪካኖቹ ከ50 ዓመት በላይ ላለች ሴት በቀን 1200 ይላሉ። የደረቀው ቀይ «ቴምር» ደግሞ «ደም ይተካል» ይባላል። በ100 ግራም ያለው ብረት 2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የእኛ ጤፍ ይበልጠዋል። ወር አበባ በብዛት እየፈሰሰ ደም ያነሳትን ሴት በቀይ «ቴምር» ብቻ አትተዉአት።

ስለ ቶፉም ልናገር፣ ምክንያቱም በጾም ብዙዎቻችሁ አኩሪ አተር ጀምራችኋል። ቶፉ የሚሠራው የአኩሪ አተር ወተት እንደ አይብ እንዲረጋ ተደርጎ ነው። በደቡብ ቻይና የሚያረጋው ምን መሰላችሁ? ጄሶ! ለምግብ የተዘጋጀ ጄሶ ነው እንጂ ግድግዳ የሚቀባው አይደለም። ጄሶ የካልሲየም ጨው ነው። ስለዚህ ወተት የማይስማማው ሕዝብ ካልሲየሙን ከዚያ ሲያገኝ ኖሯል። ማንም ስለ አጥንት መሳሳት ሳያወራ በፊት።

ከምግቡ ሁሉ ልቤ የቀረው ግን አንድ ሌላ ሾርባ ላይ ነው። ከ1800 ዓመት በፊት ገደማ ጃንግ ጆንግጂንግ የሚባል ሐኪም ነበር። ስለ አንዲት ሴት ዓይነት ጻፈ፦ ሆድ ይብሳታል፣ ማልቀስ ማልቀስ ይላታል፣ ደጋግማ ታዛጋለች፣ ትንጠራራለች፣ መንፈስ የያዛት ትመስላለች። ይህን ያነበብኩ ዕለት አያቴን አስታወስኩ። እኛ ሰፈር እንዲህ ስታዛጋና ስታለቅስ የታየች ሴት ወዴት እንደምትወሰድ ታውቃላችሁ። ዛር ነው ተብሎ ቡናው ይፈላል፣ ከበሮው ይመታል። ጃንግ ግን የመንፈስ ነገር «ይመስላል» አለ እንጂ «ነው» አላለም። ያዘዘላትም ሦስት ነገር ነው። ስንዴ፣ አሥር ፍሬ ቀይ «ቴምር»፣ እና ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ሥር። በቃ። ይቀቀላል፣ ውሃው ይጠጣል።

ከበሮም የለም፣ ጫጩትም አይታረድም፣ ማንም አይሰድባትም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስንዴ ይቀቅልላታል። የስንዴው ይሁን የተቀመጠላት ሰው፣ የትኛው እንደሚያሽላት እናንተው ፍረዱ። አዪ ባሏ የሞተ ዓመት እህቷ በየቀኑ ይህን ትሠራላት እንደነበር ነግራኛለች። እሷ ስንዴውን ሳይሆን እህቷን ነው የምታስታውሰው።

ብርድ ለበዛባት ሴት ያለውን በአጭሩ ላንሳ። የበግ ሥጋ፣ ብዙ ዝንጅብል፣ ዳንግግዌይ የሚባል ሽታው የሚያውድ ሥር። ይህም ከጃንግ የመጣ ነው፤ ሲጻፍ ግን ለአራስ የሆድ ቁርጠት ነበር። በግና ዝንጅብል ለእኛ አዲስ ስላልሆነ አልቆይበትም።

ሱን ስሚያው የተባለ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ሐኪም፣ መጀመሪያ በምግብ አክም፣ ምግብ ካቃተው ወደ መድኃኒት ሂድ ብሏል። በትልቁ መጽሐፉ ውስጥ ከመግቢያው ቀጥሎ ያስቀደመውም የሴቶችን ክፍል ነው። ከዚያም በፊት በጥንታዊ ቤተ መንግሥታቸው አራት ዓይነት ሐኪሞች ሲዘረዘሩ የምግብ ሐኪሙ ቀድሞ ይጠራል። አራተኛው የከብት ሐኪም ነው። እዚህ ሀገር የሥነ ምግብ ባለሙያ ስንተኛ እንደሚጠራ አልናገርም።

አሁን ግን የማይወደድ ነገር ልናገር ነው።

«ማረጥ የኩላሊት ድካም ነው፣ ይህ ይታዘዝለታል» የሚለው የተስተካከለ ትምህርት እንደሚባለው ጥንታዊ አይደለም። ቮልከር ሻይድ የተባለ የቻይና ሕክምናን ታሪክ ያጠና ምሁር ይህን አሳይቷል። የድሮ ሐኪሞች ማረጥ የሚባል ራሱን የቻለ በሽታ አልነበራቸውም። ላብ ያላት ለላቧ፣ እንቅልፍ ያጣች ለእንቅልፏ ትታከም ነበር። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ተለይቶ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከምዕራቡ ሕክምና ጋር ሲገናኙ ነው። ዛሬ ቻይናዎች የሚጠቀሙበት «ጌንግ ኒየን ቺ» የሚለው ቃል ራሱ በጃፓን በኩል የመጣ ነው። አሁን ስድብ ሆኗል። ቢሮ ውስጥ አለቃዋ ከተቆጣች ወጣቶቹ ከኋላዋ «ጌንግ ኒየን ቺዋ ነው» ይባባላሉ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ድስቱን አልናቅሁትም። ሳጥኑን ግን ናቅሁት። የቱን ሳጥን? አንድ ሱቅ ገብቼ የገዛሁትን። ወርቃማ ነው፣ ፈገግ ያለች ባለ ሽበት ሴት ፎቶ አለበት፣ «ለማረጥ ዕድሜ» ይላል። እንክብል ነው። የአንድ ሳምንት የምግብ ወጪዬን ከፈልኩበት። ሻጯ ይብረድሽ ይሙቅሽ አልጠየቀችኝም። ካርድ ነው ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው የጠየቀችኝ። አዪ ሳጥኑን አገላብጣ አየችውና «ይህ ምላስሽን አይቷል?» አለችኝ።

ሳይንሱስ ምን ይላል? ተለክቶ የታየውን ልንገራችሁ። ዳንግግዌይን ብቻውን በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 71 ሴቶች ላይ ለ24 ሳምንት ሞክረውታል። ለግማሾቹ እውነተኛውን፣ ለግማሾቹ ባዶ እንክብል። ልዩነት አልታየም። የቻይና ሐኪሞች «እኛ እኮ ብቻውን አንሰጠውም» ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ልክ ነው፤ ግን ብቻውን በእንክብል የሚሸጠው በየሱቁ ነው። አኩሪ አተር ላይ ብዙ ጥናት አለ። ከውስጡ የሚወጣውን ንጥረ ነገር ተጠቅመው የተሠሩ ጥናቶች በ2012 እ.ኤ.አ. ተደምረው ሲታዩ፣ የሙቀቱ ድግግሞሽ ከባዶው እንክብል 20 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። በሌላ በኩል የሰሜን አሜሪካ የማረጥ ሐኪሞች ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አኩሪ አተርን ለዚህ ብሎ አልመከረም። እኔ ቶፉ የምበላው ስለሚጣፍጠኝና ፕሮቲን ስለሆነ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የተለያየ ዘር ያላቸውን ሴቶች ለዓመታት የተከታተለ ስዋን የሚባል ጥናት አለ። ያ ሙቀትና የሌሊት ላብ በቻይና ዝርያ አሜሪካውያን ላይ በአማካይ 5.4 ዓመት ቆየ። በጥቁር አሜሪካውያን ላይ 10.1 ዓመት። «አየሽ፣ ምግቡ ነው» ብላችሁ ከመዝለላችሁ በፊት ቆዩ። እነዚህ ሴቶች የሚኖሩት አሜሪካ ነው፣ የሚለያዩትም በድስታቸው ብቻ አይደለም። ጭንቀት አለ፣ ክብደት አለ፣ ሲጋራ አለ፣ ስለ ገላ ማውራት ነውር የሆነበት ቤት አለ።

በእኔስ? ሦስት ወር ጠጣሁ። ሙቀቱ አልጠፋም። እንቅልፌ ግን በጣም ተሻሻለ። ሾርባው ነው? እራት በአንድ ሰዓት መብላት ስለጀመርኩ ነው? ማታ ማታ የሚያወራኝ ሰው ስላገኘሁ ነው? አልለየሁትም፣ መለየትም አልፈለግሁም።

አሁን ቀልድ የለም፣ ስሙኝ። ደም ግፊት ያለባችሁ ሊኮሪስ አትንኩ፣ ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ በተለይ ዋርፋሪን የምትወስዱ ከዳንግግዌይም ከጎጂም ራቁ። ወር አበባችሁ እየበዛ የሚፈሳችሁም ዳንግግዌይን ተዉት። ካረጣችሁ በኋላ፣ አንዲት ጠብታም ብትሆን ደም ካያችሁ ሾርባ አትጣዱ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። ያውም በዚያው ሳምንት። ሙቀቱ ሥራ የሚያስፈታችሁ ከሆነ ደግሞ የሆርሞን ሕክምና አለ፣ ሆርሞን የሌለበትም አለ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ጥያቄ ነበር። አዎ እናቴ፣ እርስዎ ይበሉ። ... ነጩ እንጉዳይ እዚህ ይገኛል ወይ ነው ያሉት። በአንዳንድ የእስያ ዕቃ መደብሮች አይቻለሁ፣ ውድ ነው። ካላገኙ አይጨነቁ። ደረቅ ከሆኑ ለስለስ ያለ፣ እርጥብ፣ ቶሎ የሚፈጭ ነገር ነው ሐሳቡ። አጃ አለ፣ አጥሚት አለ። ሚጥሚጣውን ትንሽ ይቀንሱ፣ ለብዙ ሴቶች ሙቀቱን የሚቀሰቅሰው እሱና አልኮል ነው።

ከኋላ... ቡናስ? አወቅሁ፣ ይህ እንደሚመጣ አወቅሁ።

የቡናን ነገር እንዲህ ልመልስ። ልመለስ ስል ለአዪ ቡና አፈላሁላት። ጀበናዬን ይዤ ነበር የሄድኩት። ቆላሁት፣ ጭሱን ወደ አፍንጫዋ አማገች። ወቀጥኩት፣ አፈላሁት። ሲኒዋን አንስታ አሸተተች፣ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ሙቀት ነው ብርድ ብላ ልትፈርድ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «መራራ ነው» አለች። «መራራ ወደ ልብ ይገባል።» ከዚያ ለእኔ በዚህ ዕድሜዬ ከሰዓት በኋላ እንደማይሆን አስረግጣ ነገረችኝ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር። ቶናውን ቀዳሁላት፣ ጠጣች። በረካውንም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሁለታችንም ሳሎን ቁጭ ብለን የድሮ ድራማ እያየን ነበር፣ መስኮቱ ተከፍቶ።